የሰፈር ጽዳት ውድድራችን በወረርሽኙ ምክንያት ተቋርጦ እንዳይቀር የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የደሴ ከተማ ነዋሪዎች፣ በአገር ውስጥም በውጭም የምትኖሩ የደሴ ልጆች፤

በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ሲካሄድ የቆየው የሰፈር ለሰፈር የጽዳት ውድድራችን ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሟል። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን ከተነገረ በኋላ፣ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። ዳኞቹ ሕፃናት አስከትለው ከግቢ ግቢ የሚዞሩበትን፣ ማታ ቡና ተፈልቶ አሸናፊው ሰፈር የሚታወቅበትን ውድድር እኛም ሳናመነታ አቆምን። በዚህ አንጸጸትም። የሚቆጨን ከመሰባሰቡ ጋር ጽዳቱም አብሮ መቆሙ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት በሰኞ ገበያ በኩል ያለፈ ሰው የምንለውን ያውቃል። የሽንኩርት ልጣጩ፣ ገራባው፣ የሃይላንድ ጠርሙሱና ፌስታሉ ከመንገድ ዳር ተገፍቶ ቦይ ውስጥ ይገባል። ውድድሩ በነበረበት ጊዜ ቦዩን ተከትለው የሚኖሩ ቤተሰቦች ገና ሲነጋ ያነሱት ነበር፤ ዳኛ በየትኛው ቀን ብቅ እንደሚል አይታወቅምና። ባለፈው ሳምንት የአንዱን ቦይ አፍ ስንከፍት በመጀመሪያ የወጣው እርስ በርሱ ተጠላልፎ እንደ ምንጣፍ የወፈረ ፌስታል ነበር፤ በመካከሉም ሰማያዊ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛዎች ተሰክተው አገኘን። ከተማችን ቁልቁለት ላይ የተቀመጠች ናት። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ መሄጃ ሲያጣ ከታች ባሉት ወገኖቻችን ቤት ይገባል፤ የቀረው ደግሞ ቆሻሻውን እንደያዘ የቦርከናን ወንዝ ተከትሎ ኮምቦልቻ ይወርዳል። አሁን ሰኔ ገብቷል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደጃፍ ላይ ናቸው።

አንዳንድ ወገኖች ቦዩን በአንድ ቀን ዘመቻ ማስጠረግ አይበቃም ወይ ብለው ጠይቀውናል። ዘመቻ ብዙ ሰው በአንድ ቦታ ማሰባሰብን ይጠይቃል፤ ዛሬ የሚያሰጋውም ይኸው ነው፤ በሳምንቱም ቦዩ ተመልሶ ይሞላል። ውድድር ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ በራሱ ሰዓት፣ በራሱ ደጃፍ፣ ከጎረቤቱ ጋር ሳይነካካ በየቀኑ የሚሠራው ሥራ በመሆኑ፣ በአግባቡ ከተመራ ለወረርሽኝ ጊዜ ይበልጥ የሚስማማ ነው ብለን እናምናለን። ሽልማቱም የሥራ መሣሪያ ነው፦ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ አንድ የእጅ ጋሪ አሸናፊው ሰፈር ዘንድ ለአንድ ወር ይቀመጣል፤ አሸናፊዎቹም ቆሻሻቸውን በእሱ ያመላልሱበታል። ጋሪው ዛሬ ጎማው ተንፍሶ በቅሬው (በእድሩ) ዕቃ ቤት፣ ከድንኳኑ ጎን ተቀምጧል። ተወዳዳሪዎቹ ሰፈሮች ለዚህ ጋሪ ሲሉ ያደረጉትን ያየ ሰው የውድድሩን ጥቅም ለማስረዳት ሌላ ነገር አያስፈልገውም።

በግንቦት ወር ጥቂት ሆነን ሥራውን ለመጀመር ሞክረን ነበር። ሆኖም አንድ ጥንድ ጓንት ሦስት ሰዎች ሲቀባበሉት ስላየን በዚያው ቀን አስቆምነው፤ ጥፋቱ የእኛ የአስተባባሪዎቹ ነበር። ያለ በቂ ቁሳቁስ ማንንም ሰው ቦይ ውስጥ እንዳናስገባ የተስማማነውም፣ ይህን ጥሪ ለማቅረብ የተነሣነውም ከዚያ በኋላ ነው።

አዲሱ አካሄድ የሚከተለው ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ደጃፉንና ከደጃፉ ፊት ያለውን ቦይ ብቻ ይጠርጋል፤ የጋራ በሆነው ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ሁለት ሰዎች ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይኖራል። ሦስቱ ዳኞች በተለያየ ቀን ለየብቻቸው ይዞራሉ፤ ግቢ ሳይገቡ ከበር ላይ አይተው ነጥብ ይሰጣሉ፤ ነጥቡም በስልክ ይደመራል። የአካፋና የመጥረጊያ እጀታ ከሰው ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይወለወላል። ያገለገለ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ መንገድ ላይ የተገኘበት ሰፈር ነጥብ ይቀነስበታል። በየሰፈሩ መግቢያም ባለ ቧንቧ ጀሪካንና ሳሙና ይቀመጣል፤ ሳሙናው ካለቀ ውድድሩ በዚያ ሰፈር ለጊዜው ይቆማል።

ለአንድ ሰፈር በወር 20 ሳሙና፣ 8 ሊትር በረኪና፣ 10 ጥንድ ረጅም የጎማ ጓንት፣ 4 አካፋና 6 መጥረጊያ ያስፈልጋል። ለአፍና ለአፍንጫ መሸፈኛው፣ ልብስ ሰፊዎቻችን የእጅ ዋጋቸውን በነፃ ለመስጠት ቃል ስለገቡልን ጨርቁን ብቻ እንፈልጋለን፤ ለዚህም ከልብ እናመሰግናቸዋለን። ገንዘብ ማዋጣት የሚከብዳችሁ ወገኖች የማዳበሪያ ከረጢት፣ ያገለገለ ጀሪካን ወይም አካፋ ብትሰጡን ሥራችን ይቃናል። በወረርሽኙ ምክንያት ሥራ የቆመባችሁን፣ የቀን ገቢ የተቋረጠባችሁን ግን ምንም እንድታዋጡ አንጠይቅም፤ የእናንተ ደጃፍም እንደ ማንኛውም ሰው ደጃፍ ሳሙናና ጓንቱን ያገኛል።

መዋጮው በየሰፈራችሁ ባለው የቅሬ ሰብሳቢ በኩል በደረሰኝ ይሰበሰባል። የገባውና የወጣው በየወሩ ተጽፎ በቅሬው በር ላይ ይለጠፋል፤ የግዢ ደረሰኙንም ማየት ለሚፈልግ ሁሉ እናሳያለን። ውጭ አገር ያላችሁ በቤተሰቦቻችሁ በኩል ልትልኩ ትችላላችሁ። የመጀመሪያው ዙር ዳኝነት በሐምሌ መጀመሪያ ስለሚጀምር፣ ቁሳቁሱን ገዝተን ለማከፋፈል ጊዜ እንድናገኝ ድጋፋችሁ እስከ ሰኔ 25 ቀን 2012 ዓ.ም. እንዲደርሰን በአክብሮት እንጠይቃለን።

የውድድሩ አስተባባሪዎች
ደሴ