ደሴ ስትመጪ ከሕንፃው ጀርባ ጀምሪ

ለምትናፍቂኝ ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልትገዢው ያሰብሽውን የባለ 4 ፎቁን ሕንፃ የላክሽልኝን ፎቶ አየሁት። ፊቱ ያምራል፤ ደሴ ላይ ግን ሕንፃ የሚመረመረው ከጀርባው ነው። ከተማው ከጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ስለሆነ ብዙው ቦታ ተቆርጦና ተሞልቶ ነው የሚገነባበት። ግማሹ በቆረጣ፣ ግማሹ በሙሌት ላይ ካረፈ የሙሌቱ ወገን ይሰምጣል፤ ቤቱም መሐል ለመሐል ይሰነጠቃል። ስለዚህ ክረምቱ ሳይወጣ ነይ። በጥር የሚደበቀውን የነሐሴ ዝናብ ያወጣዋል።

መጀመሪያ የድጋፍ ግንቡ ጋ ሂጂ። ዘንቦ ሲያባራ የውሃ መውጫ ቱቦዎቹ መንጠባጠብ አለባቸው። ቱቦዎቹ ደርቀው ግንቡ ከረጠበ ወይም ሆዱ ካበጠ፣ ውሃው ከኋላ ታቁሮ እየገፋው ነው። ይህን ካየሽ ስለ ዋጋ ጭራሽ አታንሺ።

ስንጥቅ ሁሉ አያስደንግጥሽ፤ እንደ ፀጉር የቀጠነው ብዙ ጊዜ የልስን ነው። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ ሳንቲም የሚያስገባ ከሆነ ግን መሠረቱን ጠርጥሪ። ላዩ ላይ ጀሶ አስለጥፊና ቀኑን ጻፊበት። ከወር በኋላ ጀሶው ከተሰነጠቀ ሕንፃው ገና እየተንቀሳቀሰ ነውና የስትራክቸር መሐንዲስ ሳያየው ቀብድ እንዳትከፍዪ።

በረንዳዎቹን ከሥር ሆነሽ እያቸው። ሶሌታው (የአርማታው ወለል) ላይ ቡናማ እድፍ ካለ በመዶሻ ቀስ ብለሽ ምቺው። እንደ ባዶ እንስራ ከጮኸ በውስጡ ያለው ብረት፣ ፌሮው፣ ዝጓል፤ ዝገቱ እያበጠ አርማታውን ይፈለቅቀዋል። ጣሪያ ላይ አሸንዳው በቆሻሻ አለመደፈኑን፣ የውሃ ታንከሩ፣ ሮቶው፣ በቢም (በአግድም የአርማታ ተሸካሚ) ላይ ማረፉን እዪ። ባለ 5,000 ሊትሩ ሲሞላ ውሃው ብቻ 5 ቶን ይመዝናል።

የሴፕቲክ ታንኩን (የፍሳሽ ማጠራቀሚያውን) ክዳን አስከፍቺ። መብራትና ውሃ በየቤቱ የራሱ ቆጣሪ እንዳለው ቁጠሪ። ካርታው፣ የግንባታ ፈቃዱና የቆመው ፎቅ መመሳሰላቸውን፣ እዳና እገዳ አለመኖሩን ከማዘጋጃ ቤት ሳታረጋግጪ አትፈርሚ።

ተከራዮቹን ባለቤቱ በሌለበት አናግሪያቸው። ሲዘንብ ባልዲ የት እንደሚያስቀምጡ፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ እነሱ ይነግሩሻል።

መምጫሽን ቀድመሽ ደውይልኝ፤ መዶሻውን፣ ባትሪውንና የቱቦ ውሃ ልኩን አዘጋጅቼ እጠብቅሻለሁ።

አባትሽ