ሥዕል ከትምህርት ገበታ ለራቁ ልጆች ይናገርላቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ፊደል ላልቆጠረው ምእመን ቅዱሳት መጻሕፍትን ለዘመናት ያስተማሩት በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ የተሣሉት ሥዕሎች ናቸው። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌም በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ፣ 150 ካሬ ሜትር በሚሸፍነው የባለቀለም መስታወት ሥራቸው የአህጉሪቱን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ተርከዋል። ይህ የሥዕል ኃይል በትምህርት ሰዓት የሊስትሮ ሣጥን ተሸክመው ለሚዞሩ ልጆች፣ ከገጠር መጥተውም በሰው ቤት ተቀጥረው ለሚኖሩ ታዳጊ ሴቶች ጉዳይ እምብዛም አለመዋሉ ያሳዝነኛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት ትምህርታቸውን ከሚጎዳ ሥራ እንዲጠበቁ ቢደነግግም፣ ድንጋጌውን የሚያውቀው አሠሪ ስንቱ ነው? በገበያና በአውቶቡስ ተራ ግድግዳ ላይ የሚሣል አንድ ሥዕል ግን ማንበብ ለማይችለውም ሰው መልእክቱን በየቀኑ ያደርሳል።

ልጆቹን እንባ ያቀረሩ ምስኪኖች አድርጎ መሣል፣ ርኅራኄ ቢቀሰቅስም፣ ክብራቸውን ስለሚነካ አልደግፈውም፤ ይልቁንም ብሩሹን ለራሳቸው ሰጥተን፣ የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተማሪዎች እየረዷቸው፣ ሊማሩበት የሚመኙትን ክፍል ቢሥሉ እመርጣለሁ። ከሥዕሎቹ ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብም ለደብተር፣ ለደንብ ልብስና ለምሳ ይዋል። ጋዜጣችሁ በየሳምንቱ ለአንድ ልጅ ሥዕል የሚሆን ቦታ ቢመድብ ሥራው ከዚሁ ሊጀመር ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሥዕል መምህር፣ ከአዲስ አበባ