በረንዳ ከማዘጋታችሁ በፊት የማህበሩን ደብዳቤ ያዙ

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንዴት ናችሁ?

ክረምቱ ሊገባ ስለሆነ በረንዳ በአልሙኒየም ዝጉልን የሚል ስልክ በዝቷል፣ ከአያትም ከየካ አባዶም ከቱሉ ዲምቱም ኮንዶሚኒየም፣ ሁሉም ደግሞ ለነገ ይደርሳል ወይ ነው የሚለው። ስራው ይደርሳል፣ ግን ከህንፃው ማህበር ማህተም ያለው የፈቃድ ደብዳቤ ካልያዛችሁ ቀብድም አንቀበልም ፕሮፋይልም (የአልሙኒየም ፍሬሙን) አንቆርጥም። በእናንተ ልክ የተቆረጠ አልሙኒየም ለሌላ ሰው ቤት አይሆንማ።

"ቤቱ የኔ፣ ካርታው በስሜ፣ ማንን ነው የማስፈቅደው" የሚል አለ፣ አይፈረድበትም። ግን በጋራ ህንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የእናንተ የግላችሁ ቤቱ ነው፣ ከቤቶቹ ውጪ ያለው የጋራ ነው፣ ስለዚህ የውጪው ግድግዳ ጎረቤቱንም ይመለከታል። ሊቀመንበሩ ደረጃ ላይ አግኝቷችሁ "ችግር የለውም አሰሩት" ማለቱ ደግሞ ፈቃድ አይደለም፣ ኮሚቴ ይቀየራል፣ አዲሱ መጥቶ አፍርሱ ሲላችሁ የምታሳዩት ወረቀት ከሌለ ምን ልትሉ ነው?

ማመልከቻው ግማሽ ገፅ ይበቃዋል፣ የብሎክና የቤት ቁጥር፣ ምን እንደሚሰራ፣ የፕሮፋይሉና የመስታወቱ ቀለም፣ ስኬቹን እኛ በነፃ እንሰራላችኋለን። ኮሚቴ ቀለሙ ላይ ነው የሚከራከረው፣ አንዱ ነጭ አንዱ ቡኒ እንዳይሆን። በኛ እይታ ግን ዋናው ውሃው ነው። የታችኛው ፕሮፋይል ላይ የዝናብ ውሃ መውጫ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ ወደ ውጪ ነው የሚያንጠባጥቡት፣ ከስር ያሉት እትዬ ልብስ አስጥተው ከሆነ በቃ ጠብ ነው። እሳቸውን ቀድማችሁ አናግራችሁ ካስፈረማችሁ ኮሚቴው ጋ ብዙም አትቸገሩም።

ተከራይ ከሆናችሁ የሚያመለክተው አከራያችሁ ወይ ውክልና ያለው ሰው ነው። ግድግዳ ሰብሮ መስኮት ማውጣት ከሆነ ግን የማህበሩ ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም፣ የግንባታ ፈቃድም ያስፈልጋል፣ ህንፃውን የተሸከሙትን ኮለንና ቢም ደግሞ ብትለምኑንም አንነካም። ሮቶ በረንዳ ላይ እናስቀምጥ የምትሉም አላችሁ፣ የ1000 ሊትሩ ሲሞላ ውሃው ብቻ 1 ቶን ነው እኮ፣ እሱን ከኮሚቴው በፊት ኢንጂነር ጠይቁበት።

ደብዳቤው ሲደርሳችሁ ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩልን፣ ኦርጅናሉ እናንተው ጋ ይቀመጥ። ልኬት ቅዳሜና እሁድም እንወስዳለን።

ከአክብሮት ጋር
የአልሙኒየምና ብረታ ብረት ወርክሾፑ፣ አያት