«ደህና ነኝ» ሳልልሽ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር

ይድረስ ለምወድሽና ለማልረሳሽ ባልንጀራዬ፤

በደብዳቤ ወግ ሰላምታዬን አስቀድሜ «እኔ ደህና ነኝ» ማለት ይገባኝ ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ዝም ያልሁሽ ግን ያችን ቃል መጻፍ አቅቶኝ ነውና ዛሬ ያለ እርሷ እጀምራለሁ። ደህና አልነበርሁም። አሁን ይሻለኛል።

መታመሜ የታወቀኝ በሕክምና ተማሪነቴ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ተመድቤ ስሠራ ነው። ከጮቄ ሥር የመጡ አንድ ገበሬ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ከፊቴ ተቀምጠዋል፤ እኔም ድባቴን፣ ያን ልብን የሚያጨልም የአእምሮ ሕመም፣ ለመለየት የምንጠይቃቸውን ዘጠኝ ጥያቄዎች አነብላቸዋለሁ። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ቀድሞ ያስደስትዎ የነበረ ነገር አልጥምዎ ብሏል? እንቅልፍስ እምቢ ብሎዎታል?» እርሳቸው አስበው እስኪመልሱ ድረስ እኔ ለራሴ በልቤ መልሼ ነበር፤ ማታ የመልሶቼን ነጥብ ስደምረው ከ27ቱ 16 ሆነ። 15 እና ከዚያ በላይ ያገኘን ሰው ያለ ሕክምና እንዳንሸኝ የተማርን ሰዎች ነን፤ ራሴን ግን ሦስት ወር ሙሉ ዝም ብዬ ሸኘሁት።

ለምን ብትይኝ፣ የምማርበት ሆስፒታል ካርድ ባወጣ ካርዱን የሚያገላብጡት የክፍሌ ልጆች ናቸው፤ የሚያክመኝም ነጥብ የሚሰጠኝ መምህር ነው። እቤት ስሄድ ደግሞ፣ ገና አንደኛ ዓመት ሳለሁ ጀምሮ «ዶክተሯ» የሚሉኝ ጎረቤቶች የመድኃኒት ብልቃጥ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ከቅዳሴ መልስ ይጠብቁኛል። ለእነርሱ እኔም ታምሜአለሁ ማለት እንደምን ይቻላል?

በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት በ47 አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስቦ፣ ከሕክምና ተማሪዎች 27.2 በመቶ የሚሆኑት ድባቴ ወይም ምልክቶቹ እንዳሉባቸው አግኝቷል። እኔን ይበልጥ ያሳዘነኝ ሌላው ቁጥር ነው፤ ምልክቱ ከታየባቸው መካከል ሕክምና የፈለጉት 15.7 በመቶ ብቻ ናቸው። መድኃኒቱ የት እንዳለ ከማንም ይልቅ የምናውቅ ሰዎች!

በመጨረሻ እናቴ ናት የደረሰችልኝ። እህል መተዌን አይታ ጠበል ወሰደችኝ፤ ከዚያም ማንም ወደማያውቀኝ ባሕር ዳር ሄጄ ታከምሁ። ጠዋት ጠበሌን ጠጥቼ ማታ ኪኒኔን እውጥ ነበር፤ አንዱ ሌላውን ይከለክላል የሚሉትን አልሰማቸውም።

ያንቺ ነገር የሚያስጨንቀኝ እዚህ ላይ ነው፤ ሕክምና በምትማሪበት ቻይና ውስጥ እህል መተውሽን ማን ያይልሻል? ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ብትማሪም በሽተኛው የሚያቃስተው በቻይንኛ ነው። «የት ላይ ነው የሚያምዎት» የሚለውን በመስታወት ፊት መቶ ጊዜ እንደምትለማመጂ ጽፈሽልኝ ነበር፤ የራስሽን ሕመም የምትናገሪበት ቋንቋ ግን በአጠገብሽ የሚሰማው የለም። እዚህ ያለነው ስማችንን በመፍራት እንደብቃለን፤ አንቺ ልትናገሪ ብትፈልጊ እንኳ አማርኛ የሚሰማሽ ሰው እዚህ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን፣ እናንተ ዘንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የሚገኘው።

የዓለም ሕክምና ማኅበር በ2017 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው የጄኔቫ ቃል ኪዳን በተባለው የሐኪሞች መሐላ ሐኪሙ የገዛ ጤናውንም እንዲጠብቅ አስገብቷል። ስንመረቅ ከምንምለው ይህን ከዛሬ ጀምሮ እንድትይዥልኝ እለምንሻለሁ። ዩኒቨርሲቲሽ ለውጭ አገር ተማሪዎች የሚያማክር ሰው ካለው ነገ ጠዋት ሂጂ፤ ከሌለውም ከትምህርት ቤትሽ ውጭ ፈልጊ።

ዘጠነኛውን ጥያቄም እኔው እጠይቅሻለሁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ እንደማይዘራ ሁለታችንም ተምረናል። መሞት ይሻለኛል ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ? አዎ ከሆነ ደብዳቤ አትጻፊ፤ አጠገብሽ ላለው ሰው ወዲያው ንገሪ፣ ለእኔም ደውዪልኝ። በየትኛውም ሰዓት ስልኬ ክፍት ነው።

የማትረሳሽ ባልንጀራሽ