ልደታ ስለምትከራዪው ቤት

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ልደታ ማርያምን በእግርሽ ለመሳለም፣ ባቡሩንም በቅርብ ለማግኘት ብለሽ ያሰብሽው ሰፈር ጥሩ ነው። ከስታዲየም እስከ ልደታ ባሉት አምስት ጣቢያዎች የሁለቱም መስመር ባቡሮች በአንድ ሐዲድ ስለሚያልፉ ከዚያ ተነስተሽ አያትም ቃሊቲም ሳትቀይሪ ትደርሻለሽ። ብቻ ሳትሳፈሪ መድረሻውን ጠይቂ፤ ስታዲየምን ሲያልፉ ይለያያሉ።

ደላላው «ከጣቢያው ሁለት ደቂቃ» ይልሻል። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ጉልበትሽን የሚበላው ግን ደረጃው ነው። ሐዲዱ በዚያ በኩል በድልድይ ላይ ስለሆነ ጣቢያው ራሱ ይወጣል፣ ይወረዳል። አሳንሰር አለ ቢሉሽም እንደሌለ አድርገሽ አስቢ። ኮንዶሚኒየሙ ጂ+4 ከሆነ አሳንሰር የለውም፤ ለአንድ ፎቅ 16 ደረጃ ብንይዝ እንኳ ሦስተኛ ፎቅ 48 ነው፣ ያውም ዘንቢል ይዘሽ። ከአንደኛ ፎቅ በላይ አትመልከቺ። መስኮቱ ወደ ሐዲዱ የዞረ ቤትም ይቅርብሽ፤ ቀን ላይ ጫጫታው አይታወቅም፣ ስለዚህ አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ ሄደሽ አዳምጪ።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ «ሮቶ አለው» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። ሮቶው የዚያ ቤት ብቻ ነው ወይስ የጋራ? ምድር ላይ ተቀምጦ ፓምፕ ከሌለው ውሃው ወደ ላይ አይወጣም፣ በጀሪካን መሸከም ይመጣል። ለብቻሽ ከሆነ ግን 1,000 ሊትር፣ በቀን 50 ሊትር ብትጠቀሚ፣ 20 ቀን ያቆይሻል። መስመር ውሃ በጠፋበት ቀን ሄደሽ የኩሽናውን ቧንቧ ክፈቺው።

መብራቱ ካርድ ቆጣሪ ከሆነ ካርዱን ከቁልፉ ጋር ተረከቢ። ከጎረቤት ጋር የጋራ ከሆነ በየወሩ ሂሳብ ላይ ጭቅጭቅ አይጠፋም። እንጀራ መጋገርሽ አይቀርምና ምጣድ የሚሰካበትን ሶኬት አሳዩኝ በይ፤ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚስብ ቀጭን ሽቦ ላይ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ብሬከሩም ይወድቃል።

ገንዘቡ ላይ ጠንከር በይ። የ6 ወር ቅድሚያ ክፈዪ የሚልሽ ሰው ሞልቷል፤ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ግን ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ውሉም ከሁለት ዓመት አያንስም፣ በጽሑፍ ይሆንና በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። አከራዩ «ምዝገባው ምን ያደርጋል፣ ተማምነን» ካለሽ ነገ ኪራይ ሊጨምርብሽ ነውና ተዪው። የሚፈርመው ሰው ባለቤት ካልሆነ ውክልናውን አይተሽ ኮፒ ያዢ። ኪራዩን በባንክ ብቻ ክፈዪ፤ በእጅ ሰጥተሽ ደረሰኝ ልትለምኚ ነው? የቆጣሪውን ንባብ፣ የተሰነጠቀውን መስታወት፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ሁሉ ውሉ ላይ አስጽፊ፤ ስትወጪ ካንቺ እንዳይጠየቅ።

ቤቱን ለማየት ስትሄጂ ከመንገዱ እስከ በሩ ያለውን ደረጃ ቆጥረሽ ላኪልኝ፤ ቁጥሩን ሳልሰማ እንዳትፈርሚ።

ልጅሽ