«ሠሪው ሰነፍ ነው» ከማለት በፊት ውሉ ይነበብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

አንድ ጌም በአንዱ ኮንሶል (እንደ ኤክስቦክስና ፕሌይስቴሽን ባለ የጌም ማጫወቻ) ወጥቶ ወደ ሌላው ለመሻገር ወራት ሲፈጅ ወቀሳው ሁሉ በሠሪው ላይ ይወርዳል። የኮንሶሉ ባለቤት የሚያስፈርመው ውል ግን እምብዛም አይነሳም።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2013 አይዲ አት ኤክስቦክስ የተባለውን ፕሮግራም ሲጀምር አነስተኛ ቡድኖች ያለ አሳታሚ ጌማቸውን እንዲያወጡ ፈቅዷል፤ ሁለት የመሥሪያ ኮንሶልም በነፃ ይሰጥ ነበር። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ችግሩ ጌሙ በተፎካካሪ ኮንሶል ቀድሞ እንዳይወጣ መጠየቁ ነበር። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ ሦስት ሰዎች ያሉት ቡድን የሁለት ኩባንያ ፍተሻ፣ ማለትም ጌሙ ከመውጣቱ በፊት የኮንሶሉ ባለቤት የሚያደርገውን ምርመራ፣ በአንድ ሳምንት ማለፍ ይከብደዋል። መቆጣጠሪያው ባትሪ ሲጨርስ ጌሙ ባለበት ካልቆመ፣ ወይም ተጫዋቹ ከአካውንቱ ሲወጣ የተቀመጠው ጨዋታ ከተበላሸ፣ ፍተሻው ይወድቃል። ታርሞ ድጋሚ እስኪላክ በሌላው ኮንሶል ያለፈውም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ደንቡ ብዙ ተቃውሞ ገጥሞት ኋላ ላይ ላልቷል።

«ሁሉም እኩል ይሁን» የሚለው ግዴታ ግን በሌላ መልክ ቀጠለ፤ ጌሙ በሁለቱ የኤክስቦክስ ሞዴሎች፣ በኃይለኛው ሲሪስ ኤክስና በደካማው ሲሪስ ኤስ፣ አንድ ዓይነት አማራጮች እንዲኖሩት ይጠየቅ ነበር። ባልደርስ ጌት 3 የተባለው ጌም በ2023 መስከረም ወር መግቢያ ላይ ለፕሌይስቴሽን 5 ሲወጣ ለኤክስቦክስ እስከ ታኅሣሥ ዘገየ። ምክንያቱ ስክሪን ተካፍሎ መጫወት ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች በተለያየ ቦታ ሲሆኑ የሁለቱም አካባቢ በሜሞሪ ውስጥ አብሮ መቀመጥ አለበት። ሲሪስ ኤክስ 16 ጊጋባይት ሲኖረው ሲሪስ ኤስ ያለው 10 ብቻ ነው፤ ከዚያም 2ቱ በጣም ዘገምተኛ ናቸው። ምስሉን በማደብዘዝ የግራፊክስ ጫና ይቀንሳል፤ የገጸ ባሕርያቱና የዓለሙ መረጃ ግን በዚያ መንገድ እምብዛም አይቀንስም። በመጨረሻ ጌሙ በሲሪስ ኤስ ያለዚህ አማራጭ እንዲወጣ ተፈቀደ፤ አማራጩም በ2025 በማሻሻያ መጣ። ታዲያ ይህ ፈቃድ ለታዋቂ ጌም ብቻ ለምን ይሆናል? ለማንኛውም ሠሪ በጽሑፍ ሊሰጥ ይገባል።

ዘግይቶ የሚመጣ ጌም ተጨማሪ ይዞ ይምጣ የሚለው ጥያቄም አለ። ገዢው መካሱ ተገቢ ነው፤ አዲስ ምዕራፍ መጠየቅ ግን አዲስ ሥዕል፣ ድምፅ፣ ትርጉምና ፍተሻ መጠየቅ ነው፤ ጌሙን ይበልጥ ያዘገየዋል። ማስ ኢፌክት 2 የተባለው ጌም ዘግይቶ በ2011 ለፕሌይስቴሽን 3 ሲመጣ ከተሠሩት ተጨማሪ ምዕራፎች በርካታዎቹን አካትቶ መጣ። እንዲህ ያለው ካሣ ይሻላል፤ ወጪው ቀድሞ የወጣ ነውና።

ለሠሪዎችም አንድ ነገር እንጨምር። የብቸኝነት ውል (ጌሙ በአንድ ኮንሶል ብቻ እንዲወጣ የሚያስገድድ) ስትፈርሙ የሚያበቃበት ቀን በግልጽ ይጻፍ። «ጌሙ ከወጣ ከ12 ወር በኋላ» የሚል ውል፣ መውጫው በተራዘመ ቁጥር እናንተንም አብሮ ያስራል፤ ስለዚህ የማይሻገር የመጨረሻ ቀን አስጨምሩበት። ሜሞሪውንም ከመጀመሪያው ወር አንሥቶ በደካማው ኮንሶል ላይ ለኩ፤ በፒሲ ብቻ እየሞከረ የቆየ ቡድን ጉድለቱን የሚያገኘው የዓለሙ አሠራር ሊቀየር በማይችልበት ሰዓት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው አንባቢዎች