ገደቡ የሚነካው ቻትቦትን ብቻ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

መንግሥታት ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ይገድቡ ወይስ አይገድቡ በሚለው ላይ የምታወጧቸውን ጽሑፎች እከታተላለሁ። ደጋፊውም ተቃዋሚውም የሚከራከረው ስለ ቻትቦት፣ ማለትም ሲጠይቁት በጽሑፍ ስለሚመልስ ፕሮግራም ነው። ተማሪ የቤት ሥራውን አሠራበት፣ አንዱ ሐሰተኛ ቪዲዮ ፈበረከበት... በቃ፣ ወሬው እዚያው ይሽከረከራል። ድምፁን አጥፍቶ የሚሠራውን የሚያነሳው የለም።

ዓይነ ስውራንን ልጥቀስ። ቢ ማይ አይስ የተባለው መተግበሪያ መጀመሪያ ዓይነ ስውሩን በቪዲዮ ከበጎ ፈቃደኛ ጋር ያገናኝ ነበር። በ2023 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፎቶ አይቶ የሚያብራራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጨመረበት። ከባንክ የመጣ ደብዳቤ፣ የሸሚዝ ቀለም፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቁልፎች፤ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ማንንም ሳያስቸግሩ መጠየቅ ይቻላል። የግል ደብዳቤን ለማያውቁት ሰው ማስነበብ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። አዎ፣ ይሳሳታል። መድኃኒት ላይ ብቻውን ባይታመን ይሻላል።

የጎርፍ ትንበያም አለ። ጎግል በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሠራው ሥርዓት የወንዝ ሙላትን እስከ 7 ቀን ቀድሞ ይተነብያል፤ ከ80 በሚበልጡ አገሮች፣ የውሃ መለኪያ መሣሪያ በሌላቸው ወንዞች ላይ ጭምር። ይህን ማን ቻትቦት ይለዋል?

እንግዲህ ወደ ገደቡ። በ2023 ማርች መጨረሻ የጣሊያን የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ቻትጂፒቲ የተባለውን ቻትቦት አሳገደ። አገልግሎቱ የተመለሰው ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ነው። ስለ ግል መረጃና ስለ ልጆች ዕድሜ የተነሳው ጥያቄ ተገቢ ነበር። ግን ለቀልድ የሚጠቀመውም ለሥራው የሚፈልገውም እኩል ተዘጋበት። አሜሪካ ደግሞ በ2025 ጃንዋሪ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራባቸውን የላቁ ቺፖች ሽያጭ ለመገደብ አገሮችን በሦስት ደረጃ የሚከፍል ደንብ አወጣች። በሜይ፣ ተፈጻሚነቱ ሊጀምር ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እንደምትሰርዘው አስታወቀች። ባትሰርዘው ኖሮ የጎርፍ ተመራማሪው የሚመዘነው በሚሠራው ሥራ ሳይሆን በሚኖርበት አገር ነበር።

ለእኔ የአውሮፓ ኅብረት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ ይሻለኛል። ከ2025 ፌብሩዋሪ ጀምሮ በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት የሰውን ስሜት የሚያነብ ሥርዓትን፣ ከሕክምናና ከደህንነት ጉዳይ በስተቀር፣ ይከለክላል። የኢሜይል አይፈለጌ መልእክት ማጣሪያውን ግን አይነካውም። የሚያስሞላው ወረቀት ትንሽ ቡድንን ያማርራል፣ አልክድም። ቢሆንም መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን ሊሠራበት ነው ብሎ ነው።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። በዚህ ጉዳይ የምትጋብዙት ሁልጊዜ የሕግና የቴክኖሎጂ ባለሙያ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ዓይነ ስውር ተጠቃሚና አንድ የጎርፍ ትንበያ ባለሙያም ጋብዙ። ገደብ ሲመጣ ምን እንደሚያጡ ራሳቸው ይንገሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ